በመቆጣጠሪያና በሞተር መካከል ያለው ሽቦ፤ የብልሽት ፍለጋ ታሪክ

በቁጥር ትእዛዝ የሚሠራ መኪና፥ በተለምዶ ሲ.ኤን.ሲ. የሚባለው፥ ድንገት የቆመ እንደ ሆነ የሰው ሁሉ ዐይን የሚያርፈው በመቆጣጠሪያው ወይም በሞተሩ ላይ ነው። መቆጣጠሪያው መስታወት አለው፥ ቁጥር ያሳያል። ሞተሩም ድምፅ አለው፥ ሲነኩት ይሞቃል። በሁለቱ መካከል የተዘረጋው ሽቦ ግን በቦይ ውስጥ ተሸፍኖ ስለሚያልፍ አይታይም፤ ያልታየም ነገር አይጠረጠርም። ይሁን እንጂ በዚህ ሥራ የቆዩ ጠጋኞችን የጠየቀ ሰው የሚያገኘው መልስ አንድ ነው፤ ይኸውም ከመቆጣጠሪያውና ከሞተሩ ይልቅ ሽቦውና ማያያዣው ቀድሞ ይበላሻል የሚል ነው።

እኛ በዚህ ጽሑፍ ይህን ሽቦ እንደ ታሪክ ሰነድ ልናነበው አስበናል። ሽቦው ጥንድ ጥንድ ሆኖ መገመዱ፥ በመረብ መሸፈኑ፥ ከመሬት ጋር የሚገናኝበት ቦታ ተመርጦ መወሰኑ፥ እነዚህ ሁሉ ከእኛ በፊት የነበሩ ሰዎች ለገጠማቸው ችግር ያገኙት መልስ ነው። ችግሩን ያላወቀ ጠጋኝ መልሱ ትርፍ ነገር ስለሚመስለው ቆርጦ ይጥለዋል። ዓመቶቹን ሁሉ የጻፍነው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆኑን አንባቢ ያስታውስልን።

ነገሩ ከቴሌግራፍ ይጀምራል። የመጀመሪያዎቹ የቴሌግራፍ ሠሪዎች ለመሄጃ አንድ ሽቦ፥ ለመመለሻም ሌላ ሽቦ ይዘረጉ ነበር። በ1838 ዓ.ም. የሙኒኩ ሊቅ ካርል አውግስት ሽታይንሃይል መሬት ራሷ የመመለሻውን ሽቦ ልትተካ እንደምትችል አሳየ። የሽቦው ወጪ በግማሽ ስለ ቀነሰ ዓለም በደስታ ተቀበለው፤ በብዙ አገርም የረጅም መንገድ መስመር በአንድ ሽቦና በመሬት ብቻ ይሠራ ጀመር። መሬት ግን የሁሉም ናት። አንዱ በመሬት በኩል የመለሰው ኤሌክትሪክ የሌላውን መንገድ ይነካል። የዚህ ቁጠባ ዕዳ የተጠየቀው ከአምሳ ዓመት በኋላ ነው፤ ወደ እርሱ እንመለስበታለን።

ስለ ብልሽት ፍለጋ የመጀመሪያው ትልቅ ትምህርት የተገኘው ከባሕር በታች ነው። በነሐሴ ወር 1858 ዓ.ም. አየርላንድን ከሰሜን አሜሪካ ጋር የሚያገናኝ ገመድ በአትላንቲክ ውቅያኖስ ተዘረጋ። ንግሥት ቪክቶሪያ ለአሜሪካው ፕሬዚዳንት የላከችው ሰላምታ 98 ቃላት ብቻ ሲሆን እስኪተላለፍ 16 ሰዓት ያህል ፈጀ። ምልክቱ እየደከመ ሲሄድ የኩባንያው ኤሌክትሪሻን ዋይልድማን ኋይትሃውስ ገመዱን በ2000 ቮልት ያህል ኃይል ሊገፋው ሞከረ። ቀድሞም ደካማ የነበረው የገመዱ ሽፋን ይህን አልቻለም፤ ገመዱ ከተዘረጋ ከሦስት ሳምንት ገደማ በኋላ ፈጽሞ ዝም አለ። ዊልያም ቶምሰን ግን በዚያው ጊዜ በተቃራኒው መንገድ ይሄድ ነበር። እርሱ የሠራው በትንሽ መስታወት ብርሃን የሚያንጸባርቅ መለኪያ እጅግ ደካማ የሆነውን ምልክት እንኳ ለማየት ያስችል ነበር። በ1866 ዓ.ም. የተዘረጋው ገመድ በተሻለ አሠራርና በእንዲህ ያለ መለኪያ ጸንቶ ሠራ። አንዱ የማይሰማውን ሎሌ ጮኾ ሊያዘው ሞከረ፤ ሌላው ጆሮውን ወደ ሎሌው አፍ አስጠጋ ማለት ይቻላል። ዛሬም በየሥራ ቤቱ ፊውዝ ሲቃጠል ምክንያቱን ሳይጠይቅ በወፍራም ሽቦ የሚተካ ሰው የኋይትሃውስ ደቀ መዝሙር ነው ብንል አናጋንንም።

በዚያው ክፍለ ዘመን ሳሙኤል ክሪስቲ በ1833 ዓ.ም. ያሰበው፥ ቻርልስ ዊትስቶንም በ1843 ዓ.ም. ያስፋፋው የመለኪያ ድልድይ ለመስመር ጠባቂዎች ትልቅ መሣሪያ ሆነ። አሠራሩ እንዲህ ነው። አንዱ ሽቦ መንገድ ላይ መሬት ነክቶ እንደ ሆነ፥ በሩቁ ጫፍ ከጤነኛው ሽቦ ጋር ያገናኙታል፤ ከዚያ በቅርቡ ጫፍ ተቀምጠው የሁለቱን ወገን የመቋቋም መጠን ያመዛዝናሉ። ሚዛኑ እኩል የሚሆንበት ቁጥር ብልሽቱ በስንት ኪሎ ሜትር ርቀት ላይ እንዳለ ይናገራል። ጠጋኙ ከቤት ሳይወጣ የት እንደሚሄድ ያውቃል ማለት ነው።

ወደ አገራችን ስንመለስ፥ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ከሐረር እስከ አዲስ አበባ 477 ኪሎ ሜትር የሚሆን የስልክና የቴሌግራፍ መስመር በ1890ዎቹ ተዘረጋ። ከ1902 እስከ 1904 ዓ.ም. ደግሞ ኢጣልያኖች ከአስመራ እስከ አዲስ አበባ ያለውን መስመር ሠሩ። የዚያ ዘመን ተጓዦች እንደ ጻፉት በእነዚህ መስመሮች ላይ የሚደርሰው ብልሽት በአውሮፓ መጽሐፍ የተጻፈውን አይመስልም ነበር። ሰው ሽቦውን ለጌጥና ለልዩ ልዩ ጉዳይ እየቆረጠ ይወስደዋል፤ ዝሆንም ምሰሶውን እየገፋ ይጥለዋል። እንዲህ ሲሆን የዊትስቶን ድልድይ ብቻውን አይበቃም፥ በእግርና በበቅሎ መስመሩን ተከትሎ መሄድም ያስፈልጋል። ይህን የምናነሣው ለጨዋታ ያህል አይደለም። በአገራችን ብልሽት ፈላጊው ከመጀመሪያው ጀምሮ ሁለት ነገር ማወቅ ነበረበት፤ አንዱ የኤሌክትሪክን ጠባይ ሲሆን፥ ሁለተኛው ሽቦው የሚያልፍበትን የአገሩን ጠባይ ነው።

አሁን የተባለውን ዕዳ እንመልከት። ስልክ በ1876 ዓ.ም. ከተፈለሰፈ በኋላ የቴሌግራፍን አንድ ሽቦና መሬት ወርሶ ነበር። የስልክ ጆሮ ግን ከቴሌግራፍ ይልቅ ስስ ነው፤ በአጠገቡ የሚያልፈውን የቴሌግራፍ ምት፥ የጎረቤቱን ንግግር፥ ይልቁንም በ1880ዎቹ በከተማ የተጀመረውን የኤሌክትሪክ ትራም ጩኸት ሁሉ ይሰማ ጀመር። መድኃኒቱን አሌክሳንደር ግራሃም ቤል በ1881 ዓ.ም. በፈጠራ መብት አስመዘገበ። መሬትን ተወት አድርጎ ሁለት ሽቦ መዘርጋት፥ ሁለቱንም እርስ በርስ መገመድ ነው። ሁለቱ ሽቦዎች ከተገመዱ የውጭው ጩኸት በሁለቱም ላይ እኩል ይደርሳል፤ ተቀባዩ የሚያየው የሁለቱን ልዩነት ብቻ ስለ ሆነ እኩል የደረሰው ይጠፋፋል። በምሰሶ ላይ በተዘረጉ ረጃጅም መስመሮችም ሁለቱን ሽቦዎች በየተወሰነው ምሰሶ ቦታ ማለዋወጥ ይህንኑ ጥቅም ሰጠ። በዛሬው ሲ.ኤን.ሲ. መኪና ውስጥ የሞተሩን አቀማመጥ የሚያወራው ኢንኮደር የሚባለው ዕቃ፥ እያንዳንዱን ምልክት ከተቃራኒው ጋር በተገመደ ጥንድ ሽቦ የሚልከው በዚሁ ምክንያት ነው። በ1975 ዓ.ም. አር.ኤስ. 422 በሚል ስም የወጣው ደንብ ቃሉን አሳመረው እንጂ ሐሳቡ የ1881 ነው።

የሰርቮ ትምህርትም ከስልክ ጋር ዝምድና አለው። ሰርቮ የሚለው ስም ባሪያ ወይም አገልጋይ ከሚለው የላቲን ቃል የመጣ ነው፤ ፈረንሳዊው ዦዜፍ ፋርኮ በ1860ዎቹና በ1870ዎቹ መካከል የመርከብ መሪን በእንፋሎት ለማዞር ለሠራው መሣሪያ አወጣው። አገልጋዩ የታዘዘውን መፈጸሙን እየተመለከቱ ማረም ግን በሂሳብ የተደገፈው ቆይቶ ነው። በ1927 ዓ.ም. የቤል ኩባንያ መሐንዲስ ሃሮልድ ብላክ የረጅም መንገድ ስልክ ድምፅ እንዳይበላሽ የወጣውን ምልክት በከፊል ወደ መግቢያው በተቃራኒ ምልክት የመመለስን ዘዴ አገኘ። ሃሪ ናይክዊስት በ1932 ዓ.ም. ይህ ዘዴ መቼ እንደሚረጋና መቼ እንደሚያብድ ጻፈ። በ1934 ዓ.ም. ሃሮልድ ሄዝን የሰርቮን ንድፈ ሐሳብ አቀረበ፤ በ1940 ዓ.ም. ደግሞ ጎርደን ብራውን በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም የሰርቮ ቤተ ሙከራን መሠረተ።

ከዚሁ ቤተ ሙከራ ነው ቁጥርን የሚያነብ መኪና የወጣው። በሚሺጋን ጆን ፓርሰንስ የሚባል ሰው የሄሊኮፕተር ክንፍ ለመሥራት የሚያስፈልገውን ጠማማ መስመር በእጅ መቁረጥ ስላስቸገረው፥ መስመሩን በቁጥር ከፋፍሎ መኪናውን በቁጥር ማዘዝ አሰበ። የአሜሪካ አየር ኃይል በ1949 ዓ.ም. ገንዘብ ሰጠ፤ ሥራው ወደ ተቋሙ ደረሰ፤ በመስከረም 1952 ዓ.ም. የመጀመሪያው መኪና በሕዝብ ፊት ታየ። በሦስት አቅጣጫ የሚንቀሳቀስ መቁረጫ ሲሆን ትእዛዙን የሚያነበው ከተበሳሳ የወረቀት ጥብጣብ ነው። መቆጣጠሪያው 292 የቫኩም ቱቦዎች ነበሩት፤ ከመኪናው ይልቅ ሰፊ ቦታ ይይዝ ነበር። አንዲት የኤሌክትሪክ ምት መቁረጫውን የኢንች አሥር ሺሕኛ አምስቱን ያህል ታንቀሳቅሰዋለች። ከዚህ ላይ አንባቢ አንድ ነገር ልብ ይበል። ትእዛዝ በምት የሚቆጠር ከሆነ፥ በሽቦው ላይ ከውጭ የገባች አንዲት የሐሰት ምትም ትቆጠራለች።

ከዚያ ወዲህ ያለውን በአጭሩ እናልፋለን። በጃፓን ሴይዌሞን ኢናባ በፉጂትሱ ኩባንያ ውስጥ በ1956 ዓ.ም. ይህንኑ ሥራ ጀመረ፤ ክፍሉ በ1972 ዓ.ም. ፋኑክ ተብሎ ራሱን ቻለ። በ1970ዎቹ የተለየ የኤሌክትሮኒክ ሰሌዳው በኮምፒዩተር ተተካ። መቆጣጠሪያው ለድራይቩ የሚናገርበት ቋንቋ ግን ለረጅም ጊዜ ሁለት ዐይነት ሆኖ ቆየ። አንዱ ከኔጋቲቭ 10 እስከ ፖዚቲቭ 10 ቮልት የሚደርስ የፍጥነት ትእዛዝ ነው፤ ሌላው ምትና አቅጣጫ ነው። ርካሽ በሆኑት መኪናዎች ላይ ሁለተኛው እስከ ዛሬ ይሠራበታል።

ከእነዚህ ሽቦዎች ጎን ብዙ ሰው የማያስባቸው ሌሎችም አሉ። ድራይቩ ምንም ትእዛዝ ቢደርሰው ‹‹ሥራ›› የሚል የፈቃድ ሽቦ 24 ቮልት ካላገኘ አይንቀሳቀስም። ይህ የፈቃድ ሽቦ አብዛኛውን ጊዜ በአደጋ ማቆሚያው ቁልፍና በየጫፉ ባሉት ማገጃዎች በኩል ዞሮ ስለሚመጣ፥ ከመካከላቸው አንዲት ብሎን ብትላላ መኪናው በሙሉ ይተኛል። የመቆጣጠሪያውና የድራይቩ ዜሮ ቮልት ካልተገናኘም ሁለቱ በየራሳቸው ጤነኛ ሆነው ሳለ አይግባቡም። ከሁሉ የሚያስፈራው ግን የተገላቢጦሽ ነው። የኢንኮደሩ ሁለት ጥንዶች ወይም የፍጥነቱ ሁለት ሽቦዎች ቦታ ከተለዋወጡ፥ እርማቱ ስሕተቱን በማሳነስ ፈንታ ያበዛዋል፤ ሞተሩም ልክ እንደ በራ በሙሉ ፍጥነቱ ይሮጣል። ናይክዊስት በሂሳብ የጻፈው እብደት በሥራ ቤት የሚታየው እንዲህ ሆኖ ነው። ስለዚህ አዲስ ሽቦ የዘረጋ ሰው ሞተሩን ከጭነቱ ሳይፈታ ማብራት የለበትም።

በትውልድ አገራችን በቦዲቲ የበርና የሶፋ እንጨት የሚቀርጽ አንድ የቻይና መኪና ስለ ነበረበት ብልሽት ያየነውን እዚህ መጻፍ ይገባል። ቦዲቲ ከሻሸመኔ በሀላባ ቁሊቶ በኩል ወደ ሶዶ በሚያልፈው መንገድ ላይ ያለች የገበያ ከተማ ናት፤ ወፍጮ ቤቱና የብረት በር መበየጃው ከእንጨት ሥራ ቤቱ ጋር ጎን ለጎን ነው። መኪናው ከሦስቱ አቅጣጫዎች በአንደኛው፥ ማለት በወርዱ በኩል፥ ሥራው ከተጀመረ ጥቂት ቆይቶ ሁለት ወይም ሦስት ሚሊ ሜትር ይስታል። አበባ ተብሎ የተሳለው ጠማማ ሆኖ ይወጣል። የሠፈሩ ሰው ሁሉ መብራቱን አማው፤ ወፍጮው ሲነሣ አምፖሉ ሲፈዝ ስለሚታይ ሐሜቱ መሠረት ነበረው። ባለቤቱ ግን ድራይቩን ጠርጥሮ ከአዲስ አበባ አዲስ አስመጣ፤ ለእርሱ ዐይነት ሥራ ቤት ይህ ቀላል ገንዘብ አይደለም። አዲሱም ልክ እንደ አሮጌው ሳተ።

በኋላ የመጣው ባለሙያ ካቻቢቴውን ከማንሣቱ በፊት ሦስት ነገር አደረገ። በመጀመሪያ የመቅረጫውን ራስ ሞተር አጥፍቶ መኪናው በባዶ እንጨቱን እንዲዞር አዘዘ፤ ወፍጮው እየሠራ፥ አምፖሉም እየፈዘዘ መኪናው ወደ ተነሣበት ነጥብ ሳይስት ተመለሰ። መብራቱ ነጻ ወጣ። ቀጥሎ ራሱን አስነሥቶ ያንኑ ሲደግም ስሕተቱ ተመልሶ መጣ። ሦስተኛው የሥራው ሁሉ ቁልፍ ነው። ከመቆጣጠሪያው ወደ ድራይቮቹ የሚሄዱትን የርዝመትና የወርድ ገመዶች፥ ካሉበት ቦይ ሳያነሣ፥ በሁለቱም ጫፍ አቀያየራቸው። አሁን የሚስተው ወርዱ ሳይሆን ርዝመቱ ሆነ። ስሕተቱ ገመዱን ተከትሎ ሄደ ማለት ነው፤ ድራይቩም፥ ሞተሩም፥ የመቆጣጠሪያው መውጫም በአንድ ጊዜ ከክስ ተፈቱ።

ቦይው ሲከፈት ያ ገመድ የመቅረጫውን ራስ ከሚያዞረው ኃይለኛ ገመድ ጋር ተጣብቆ ሲያልፍ ተገኘ። የሽፋኑ መረብ ደግሞ በሁለቱም ጫፍ ተላጥቶ ተቆርጧል፤ ከምንም ጋር አልተያያዘም። የገጠመው ሰው ሥራ የሌለው ትርፍ ሽቦ መስሎት ኖሯል። ባለሙያው ገመዱን ለይቶ በሌላ ቦይ አሳለፈው፤ መረቡንም በመቆጣጠሪያው በኩል ከአርዙ ጋር አሰረው። ስሕተቱ በዚያው ቀረ። የፈጀበት ጊዜ ከቀትር በፊት ያለው ብቻ ነው፥ የፈጀበትም ዕቃ አንድ ሜትር የማይሞላ ሽቦ ነው። ትራሙ በስልኩ ላይ ይጮኽ እንደ ነበረ፥ የመቅረጫው ሞተርም በምቱ ሽቦ ላይ ይጮኽ ነበር፤ መኪናውም ጩኸቱን ትእዛዝ መስሎት ይታዘዝ ነበር።

መረቡ በአንድ ጫፍ ይታሰር ወይስ በሁለቱም የሚለው ጥያቄ ጠጋኞችን ያከራክራል፤ ሁለቱም ወገኖች እውነት አላቸው። ለደካማ የቮልት ትእዛዝ አንድ ጫፍ ይመረጣል፤ በሁለቱም ጫፍ ከታሰረና የሁለቱ ቦታዎች የመሬት ቮልት ከተለያየ፥ በመረቡ ውስጥ ኤሌክትሪክ ይሄዳል። ይህ የሽታይንሃይል ዕዳ ነው። እጅግ ፈጣን ለሆነው ጩኸት ግን በሁለቱም ጫፍ በሰፊው መታሰሩ ይበጃል። የሠሪው መጽሐፍ የትኛውን እንደሚያዝ ማየት ከክርክሩ ይሻላል፤ በሁለቱም ጫፍ የተቆረጠ መረብ የሚያዝ መጽሐፍ ግን የለም።

መጽሐፍ ካልን አይቀር፥ የእኛ አገር ትልቁ ችግር ከዚህ ላይ ነው ብለን እናምናለን። የድሬዳዋው የባቡር ሥራ ቤት ባቡሩ በ1902 ዓ.ም. እዚያ ከደረሰ ጀምሮ ለብዙ ዘመን የአገራችን የመካኒኮች ትምህርት ቤት ሆኖ ኖሯል። በ1980ዎቹ መጨረሻ ደግሞ የመለዋወጫ ዕቃ በአገር ውስጥ እንዲሠራ ታስቦ የአቃቂ ፋብሪካ ተቋቋመ። ለብረት ዕቃ እጥረት መልስ ታስቧል። የሽቦ ንድፍ እጥረትን ግን ፋብሪካ አያመርትለትም። መኪናው ሲመጣ አብሮ የመጣው ንድፍ በመጀመሪያው ዓመት በመሳቢያ ውስጥ ይጠፋል፤ ሽቦዎቹ ላይ የነበረው የቁጥር ምልክት በመጀመሪያው ጥገና ይወልቃል፤ ሦስተኛው ጠጋኝ ሲመጣ ሁሉን ከአዲስ ይጀምራል። ጠጋኙ የለወጠውን በበሩ ጀርባ በእርሳስ ቢጽፍ እንኳ የሚቀጥለውን ሰው የአንድ ቀን ሥራ ያድነዋል፤ እንዲህ የሚያደርግ ግን ያየነው ጥቂት ነው። ይህ የገንዘብ ጉዳይ አይደለም።

የመዳቡ ሽቦ ታሪክ በዚህ አያበቃም። በ1980ዎቹ መጨረሻ በአውሮፓ የታሰበው፥ በ1995 ዓ.ም. ዓለም አቀፍ ደንብ የሆነው ሰርኮስ የተባለው ዘዴ ትእዛዙን በመስታወት ወይም በፕላስቲክ ክር ውስጥ በብርሃን ላከው። ብርሃን የትራምንም ሆነ የሞተርን ጩኸት አይሰማም። በ2003 ዓ.ም. የወጣው ኢተርካትም ሁሉንም ድራይቮች በአንድ የኔትወርክ ገመድ አያያዘ። እዚህ ብልሽት ፍለጋው መልኩን ለወጠ፤ በቴስተር ቮልት መለካት ቀርቶ የትኛው ድራይቭ መልስ መስጠት እንዳቆመ ከመስታወቱ ላይ ማንበብ ሆነ።

የዚህ ሐሳብ ትልቁ ምሳሌ ከቦዲቲ ሃያ ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ በወላይታ ሶዶ አጠገብ ቆሟል። ከዚያ ተነሥቶ በኬንያ እስከ ሱስዋ የሚደርሰው የኃይል መስመር 1,045 ኪሎ ሜትር ርዝመት፥ 500 ሺሕ ቮልት ግፊትና 2,000 ሜጋ ዋት የማስተላለፍ ዐቅም አለው፤ በኅዳር 2022 ዓ.ም. ኃይል መሸጥ ተጀምሮበታል። በእንዲህ ያለ ጣቢያ ኤሌክትሪኩን ከተለዋዋጭ ወደ ቀጥተኛ የሚለውጡት ታይሪስተሮች ናቸው፤ አዛዡ ኮምፒዩተር ግን ከእነርሱ ጋር በመዳብ ሊነጋገር አይችልም፥ ያ ሁሉ ቮልት ወደ አዛዡ ይመለስበታልና። ስለዚህ ትእዛዙ በመስታወት ክር ያልፋል። ክሩም ቢሰበር ጠጋኙ ከአንዱ ጫፍ የብርሃን ምት ልኮ ከስብራቱ ነጥሮ እስኪመለስ ያለውን ጊዜ ይቆጥራል። ከዚያም ስብራቱ በስንት ሜትር ርቀት ላይ እንዳለ ያውቃል፤ የቴሌግራፍ ጠባቂው በድልድዩ ሚዛን ያደርግ እንደ ነበረው ማለት ነው።